«አሲስት» የሚባለው ግሥ

ከእኔ በፊት ፕሮፌሶሬ ቤት የሠሩት ሁለት ሴቶች የተባረሩት ስለረዷቸው ነው። አንደኛዋ ሳህናቸው ላይ ያለውን ሥጋ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ሁለተኛዋ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፈችላቸው። ይህን የነገረችኝ የፕሮፌሶሬ ልጅ ናት፤ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ያለ ባር ቀጥራኝ፣ ካፑቺኖዋን እያማሰለች፣ የቤተሰብ ገመና እንደሚያወራ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊቼዮ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው» አለችኝ። ሊቼዮ የሚሉት እኛ ሁለተኛ ደረጃ የምንለውን ነው። «ባለፈው ዓመት ትንሽ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ይዘገያሉ። ጭንቅላታቸው ግን አልዘገየም፤ ችግሩ እሱ ነው። አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ አሉኝ።»

እችላለሁ አልኳት። ሮም ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ አንድ የእርዳታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እንዲህ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በየሰፈሩ ይከፈቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ የምመታው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው፤ በየደብዳቤውም ውስጥ «አሲስት» የሚል ግሥ አይጠፋም። ትርጉሙ መርዳት እንደሆነ መዝገበ ቃላት ይነግራል፤ አጠቃቀሙን ግን የተማርኩት ከሥራ ነው። «ሄልፕ»ም መርዳት ነው፤ እሱ ግን ሰው በአፉ የሚናገረው ነው። «አሲስት» ከረባት ያሰረ ነው። አንድ ደብዳቤ «እንረዳችኋለን» ሲል በ«ሄልፕ» ከሆነ የሆነ ነገር ሊመጣ ይችላል። በ«አሲስት» ከሆነ ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ አለ።

ለልጃቸው ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። ሥራው ፊሳ ነው፣ ማለትም እዚያው እያደሩ የሚሠራ፤ እኔ ደግሞ ማደሪያ አልነበረኝም።

ቤቱ ኤስኲሊኖ የሚባል ሰፈር ነው፤ መስኮቱ ወደ ትራም ሐዲዱ ያያል፤ ሊፍቱ የብረት ፍርግርግ ያለው የድሮ ሊፍት ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ቁልፉ ከውስጥ ሲንኳኳ፣ ሲቆም፣ እንደገና ሲንኳኳ እየሰማሁ ጠበቅኩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቤታቸው ውስጥም ከረባት የሚያስሩ ሰው ናቸው።

በእንግሊዝኛ «ልረዳዎት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ያልኩት በ«ሄልፕ» ነው።

«ከምን?» አሉኝ።

«አልገባኝም፣ ፕሮፌሶሬ።»

«"ሄልፕ!" ብሎ የሚጮኸው ውሃ የሚወስደው ሰው ነው። እዚህ ውሃ ይታይሻል?»

ወለሉን አየሁ። «አይታየኝም።»

«እንግዲያው ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

የተባረሩት ሴቶች ትዝ አሉኝና፣ ደብዳቤ እንደሚመታ ሰው ሆኜ «አሲስት ላደርግዎት» አልኩ።

ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። «በምን?»

«በሁሉም።»

«በሁሉም ነገር አሲስት የሚደረግ ሰው የለም። ይህ ግሥ ድንበር ይፈልጋል። በመልበስ፣ ደረጃ በመውጣት፣ በገበያ። ሰውን አንድ ነገር እንዲያደርግ ሄልፕ ታደርጊዋለሽ። አሲስት የምታደርጊው ግን እያደረገው ባለው ነገር ነው። ሥራው አስቀድሞ የእሱ ነው፤ አንቺ የመጣሽው በኋላ ነው። ልዩነቱ ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። አልገባኝም። ሻንጣዬን ገና አላስቀመጥኩም ነበር።

«ሻንጣውን አስቀምጪና እዚህ ነይ። አጠገቤ ቁሚ።» ቆምኩ። «ቃሉ የላቲን ነው። "አድ" ማለት ወደ፣ አጠገብ ማለት ነው። "ሲስቴሬ" መቆም ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ "ድ"ዋ ተዋጠችና "አሲስቴሬ" ሆነ። ፈረንሳዮች ወሰዱት። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ እንደወሰዱት ነገር ሁሉ አሁን የራሳቸው ነው። ሥሩን ካየሽው ግን ስለ መርዳት የሚናገረው ነገር የለም። አጠገብ መቆም ነው፣ በቃ። ይኸው አሁን አሲስት እያደረግሽኝ ነው።»

«ምንም አላደረግኩም እኮ።»

«በጣም ጥሩ አድርገሽ እያደረግሽው ነው» አሉ። በዚህ ሁኔታ ተቀጠርኩ።

ሥራው ከባድ ነበር፤ ይህን ስል የሚያምነኝ ሰው የለም። ጠዋት አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ አጠገባቸው እቆማለሁ። ቀኝ እጃቸው ማሰሪያውን ይይዝና ይለቀዋል፤ ግራው ይጠብቃል። አንዳንዴ ማሰሪያው ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው ይፈታና እንደ አዲስ ይጀምራሉ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የባሕር ሥዕል አያለሁ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ቸግሮኝ ነበር። መጀመሪያ ወደ ኋላ አጣመርኳቸው፤ «የእስር ቤት ጠባቂ መሰልሽ» አሉኝ። ወደ ፊት አጣጠፍኳቸው፤ «ቀብር ላይ አይደለንም» አሉኝ። በመጨረሻ ፎጣ መያዝ ጀመርኩ። ፎጣ የያዘን ሰው ማንም አይጠረጥረውም።

ሾርባ ሲጠጡ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ሸሚዝ በየቀኑ አጥባለሁ። ማጠብና መተኮስ፣ ማብሰል፣ ቤት ማጽዳት ይፈቀድልኛል፤ ያ ሥራ ነው፣ ኮንትራቶው ላይም አለ። የማይፈቀደው እሳቸውን መንካት ነው። ሊፍቱ ጠባብ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ሳይነኳቸው መቆም ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

አንድ ቀን ቡናቸውን እየጠጡ «ይህ ግሥ በእናንተ ቋንቋ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«መርዳት» አልኩ። ሥሩን ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። «ማገዝ»ም አለ አልኩ፤ የሱንም አላውቅም። «መደገፍ» ስላቸው ምን እንደሆነ እንዳሳያቸው ፈለጉ፤ ግድግዳውን ተደግፌ አሳየኋቸው። «እሱ ለግንብ ይሁን» ብለው ጣሉት። ከዚያ ትዝ አለኝና፣ ሰው በክፉ ቀን ሲደርስልን «ከጎኔ ቆመ» እንላለን አልኳቸው። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። ይደነቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ታዲያ ሌላ የት ሊቆም ኖሯል?» አሉና ስኒያቸውን አነሱ። ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ነፃ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ በሜትሮ ፖንቴ ማሞሎ እሄዳለሁ፤ ሥራውን ያፈላለጉልኝ እትዬ እዚያ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። እትዬ የምላቸው የሥጋ እህቴ ስለሆኑ አይደለም፤ በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝና ሮም የገባሁ ጊዜ አልጋቸውን ስላካፈሉኝ ነው። ደርግ ሳይወድቅ ነው የመጡት፤ የሰው ቤት ወለል ሲወለውሉ ወገባቸው አልቋል።

«አሎራ፣ ሥራው እንዴት ነው?» አሉኝ በመጀመሪያው ሐሙስ፤ «አሎራ» የጣሊያኖቹ «እንግዲህ» ነው።

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ምን ምን ትሠሪያለሽ?»

«አበስላለሁ፣ አጥባለሁ። የቀረውን ጊዜ እቆማለሁ።»

«የት?»

«አጠገባቸው።»

«ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምንም። ምንም ላለማድረግ ነው የምቆመው።»

እትዬ ፊቴን በደንብ አዩት። እንደማልቀልድ ሲገባቸው «በኮንትራቶ?» አሉ።

«በኮንትራቶ።»

«ጡረታም ይታሰብልሻል?»

«ይታሰብልኛል።»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ፣ ወገባቸውን እያሹ። «እኔ እዚህ አገር ስመጣ እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ የነገረኝ ሰው የለም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቢወድቁስ?» አሉኝ።

«ወድቀው አያውቁም።»

«እስካሁን» አሉ።

የወደቁት በጸደይ ነው፤ ጠዋት፣ ገበያ ስንሄድ። ካርቾፊ ሊገዙ ነበር። ካርቾፊ ቅጠሉ እንደ ቅርፊት የተደራረበ አትክልት ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ ሮማውያን ሌላ ነገር አያወሩም፤ ፕሮፌሶሬም በመምረጥ ማንንም አያምኑም። ሐዲዱን ልንሻገር ስንል አንድ ሞቶሪኖ ከጥግ ዞሮ መጣ። የሚነዳው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ከላውንደሪ የወጣ ልብስ ከኋላው ጭኗል። እኛን ሲያይ ፍሬን ያዘ፣ ሐዲዱ ላይ ተንሸራተተ፣ ዳር የተደረደሩ የብርቱካን ሳጥኖች ውስጥ ገባ። ፕሮፌሶሬን አልነካቸውም። እሳቸው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ቀኝ እግራቸው አብሯቸው አልሄደም። ኮታቸውን ከኋላ ጨብጬ ያዝኩ። ስለዚህ አልተዘረሩም፤ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ቀስ ብለው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ።

«ነካሽኝ» አሉ።

«ኮቱን ነው፣ ፕሮፌሶሬ።»

ትንሽ አሰቡበት። «እሱ ልክ ነው» አሉ።

ቪጂሌ መጣ፤ የከተማውን ትራፊክ ፖሊስ እንዲያ ነው የሚሉት። ባለ ሞቶሪኖው ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ሌላ ጉዳት የለውም፤ በየመንገዱ የተበተኑ ነጭ ሸሚዞች ይለቅማል። ቪጂሌው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና «ሲኞራ፣ ሌይ ኣ አሲስቲቶ?» አለኝ። ጣሊያንኛዬ ገና ነበር። ያቺን ቃል ግን የትም ባገኛት አውቃታለሁ።

«ሲ» አልኩት። «በየቀኑ።»

«በየቀኑ?»

«ከሐሙስ ከሰዓትና ከእሁድ በቀር። በኮንትራቶ ነው።»

ቪጂሌው ሞቶሪኖውን አየ፣ ብርቱካኑን አየ፣ እኔን አየ። «አደጋውን?»

«ኧረ አይደለም! ፕሮፌሶሬን።»

«ፔርሜሶሽን አሳዪኝ» አለ። ባለሥልጣን ግራ ሲገባው ወረቀት ይጠይቃል። የመኖሪያ ፈቃዴን ከቦርሳዬ ሳወጣ ፕሮፌሶሬ ከተቀመጡበት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩበት ድምፃቸው ነበር፤ ሰምቼው አላውቅም።

«የሲኞራዋ መልስ ትክክል ነው። የጎደለው የእርስዎ ጥያቄ ነው። ሰውን "አሲስቴሬ" ማድረግ መንከባከብ ነው። አንድ ነገር ላይ "አሲስቴሬ" ማድረግ ግን ተገኝቶ ማየት ነው። የሚለያቸው መስተዋድድ ነው። እርስዎ መስተዋድዱን ውጠውታል።»

«ዶቶሬ፣ እስቲ መጀመሪያ ከመሬት ይነሱ» አለ ቪጂሌው።

«ልጨርስ ነው። እንግሊዞችም ድሮ ሠርግ ላይ የተገኘን ሰው "አሲስት አደረገ" ይሉ ነበር። አሁን ትተውታል። የተዉት በስንፍና ነው።»

ቪጂሌው በመጨረሻ አስተካክሎ ጠየቀኝ፤ አደጋው ሲደርስ አይተሻል? መብራቱ ምን ነበር? እውነቱን ነገርኩት። የማየው የፕሮፌሶሬን እግር ነበር። ፕሮፌሶሬን አሲስት ሳደርግ አደጋውን አሲስት አላደረግኩም። እየጻፈ ነበር፤ ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም።

ብርቱካን ሻጩ፣ የባንግላዴሽ ሰው፣ ወንበር ይዞ መጣ። ባለ ሞቶሪኖው ሸሚዞቹን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። ቪጂሌውም ዘረጋ። ፕሮፌሶሬ ሁሉንም አመስግነው «ራሴ እነሳለሁ» አሉ። ግራ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አደረጉ፤ ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና። ሰው ተሰበሰበ። ትራም መጥቶ ከፊታችን ቆመ፤ ሹፌሩ ደወሉን ደወለ፣ ከዚያ የሆነውን ሲያይ ተወው። ከትራሙ መስኮት ሁሉ ፊት ያየናል። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፤ ያን ቀን ፎጣ አልያዝኩም። በዚያ ሥራ ከቆምኩት ሁሉ የከበደኝ ያ ነው።

ፕሮፌሶሬ ቀና ብለው አዩኝ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ሌላ ሰው እንዳይሰማ በጣም ዝቅ አድርገው፣ በእንግሊዝኛ «ሄልፕ ሚ» አሉኝ።

«ከምን?» አላልኳቸውም። ፔርሜሶዬን ቪጂሌው እጅ ላይ ትቼ ጎንበስ አልኩና ክንዶቼን በብብታቸው ሥር አስገባሁ። ያን ያህል ቀላል ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ኮሌታቸው እኔ የማጥብበትን ሳሙና ይሸታል። አስነሳኋቸው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ከዘራቸውን አቀበልኳቸው። እንዳላለቅስ ብርቱካኖቹን አየሁ።

ትራሙ ሄደ። ፕሮፌሶሬ ትንፋሻቸው ሲመለስ «ካርቾፊው» አሉ። ሄደን ገዛን።

ልጃቸው ከሰዓት በኋላ እየሮጠች መጣች። አንድ የሰፈር ሰው ደውሎላት ነው።

«አባቴ ሲወድቁ የት ነበርሽ?» አለችኝ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ።

«አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

«ቆመሽ!»

ፕሮፌሶሬ ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው መለሱላት። «ሁለቱን ረዱኝ ብዬ አባረርኩ። ይችን ደግሞ አልረዳችም ብለሽ ልታባርሪ ነው። ሮም ውስጥ የምንቀጥረው ሰው ሊያልቅብን ነው።»

«ፓፓ፣ ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ!»

«አዎ» አሉ። «እሱን ሌላ ጊዜ።»

ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ካርቾፊውን እየላጥኩ ነበር፤ ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ አንድ ቢላዋ ሰጠኋት። አብራኝ እየላጠች አለቀሰች። ሲወጣላት «ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ አርፍጄ ነበር የምደርሰው» አለችኝ። «ጫማዬን አስሬ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመው ይጠብቁኛል። አንድ ቀን እንኳ አስረውልኝ አያውቁም።»

«ይቆጡ ነበር?»

«በጭራሽ። ቆመው ግድግዳ ያያሉ። እሳቸውም ሥራቸው ላይ የሚያረፍዱት በእኔ ምክንያት ነው።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሁለት ግሥ ነበረ። «ሄልፕ» ካሉኝ እነካቸዋለሁ፤ ካላሉኝ እቆማለሁ። መጀመሪያ ለገላ መታጠቢያው ብቻ አሉት። ቀጥሎ ለደረጃው፤ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር። ቀጥሎ ለሸሚዝ ቁልፍ። ቃሉን ማውጣት እንደሚያሳፍራቸው ስላየሁ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ያሉ እየመሰለኝ እቀርባለሁ። «አላልኩም» ብለው አያውቁም። ጫማቸውን ግን እስከ መጨረሻው ራሳቸው አሰሩ። ቁርስ ወደ ምሳ እየተጠጋ ሄደ፤ ሁለታችንም ስለሱ አናነሳም።

ሁለተኛው ስትሮክ ንግግራቸውን ወሰደው፤ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን። ጥቂት የጣሊያንኛ ቃላት ቀሩ፤ «ውሃ»፣ «መስኮት»፣ «በቃ»። ሆስፒታል ገቡ። አንዲት ነርስ በሩ ላይ ቆማ «እኚህን ሰው አሲስት የሚያደርጋቸው ማን ነው?» አለች። እዚህ አገር አስታማሚውን የሚጠሩት በዚያው ግሥ ነው። ልጃቸውም እኔም «እኔ ነኝ» አልን።

«የሚፈቀደው አንድ ሰው ነው።»

«ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልጋቸው» አለች ልጃቸው። «አንድ የሚረዳ፣ አንድ የሚቆም።» ነርሷ ሌላ ክፍል ተጠርታ ሄደች፤ ሁለታችንም ቆየን።

ያረፉት ፀሐይ በደንብ በገባበት ቀትር ላይ ነው። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር። ቢችሉ ይከለክሏት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ በማዶ በኩል፣ ራስጌያቸው አጠገብ ነበርኩ። ትንፋሻቸው ራቅ ራቅ እያለ መጥቶ ቀረ። ልጃቸው እጃቸውን ሳትለቅ ቆየች፤ እኔም መስኮቱን ከፈትኩላቸው።

ለፍታቱ እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው አብረውኝ መጡ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሰው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል። እትዬ በዚያ ወገባቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሙ። መጨረሻው ላይ ሬሳ ሳጥኑ ሲያልፍ «እኚህ ናቸው ያንቺ ሰውዬ?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «ነፍስ ይማር። ጥሩ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ። ከዚያ አለቀስኩ። ስመለስ ፕሮፌሶሬ ቤት የነበረችኝን ክፍል ለቅቄ ሻንጣዬን ይዤ ፖንቴ ማሞሎ ገባሁ።

ቀጥሎ ያገኘሁት ሥራ ከወንዙ ማዶ አንዲት ባለጸጋ አሮጊት ቤት ነበር። እሳቸው ሁሉ ነገር እንዲደረግላቸው የሚፈልጉ ናቸው፤ መጽሔታቸውን እንኳ የምገልጠው እኔ ነኝ። መነጽራቸው ወድቆ እስኪያነሱት አጠገባቸው ቆሜ ስጠብቅ ለጓደኞቻቸው «ልጅቷ ደህና ናት፣ ግን ትንሽ ፈዛዛ ናት» ሲሉ ሰማሁ። እስክለምደው ብዙ ወቀሳ ጠጥቻለሁ።

የፕሮፌሶሬ ልጅ እስከ ዛሬ በየፋሲካው ትደውልልኛለች። የምትደውለው በእነሱ ፋሲካ ነው፤ የእኛ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚውለው። «በጉን በላሽ?» ትለኛለች። ገና ጾም ላይ ነኝ እላታለሁ። ደንግጣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ለከርሞ እንደማትሳሳት ትምላለች፤ ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሮም አውቶቡሶች እናወራለን። አንድ ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ዋሉ። ደወለች፣ በጉን በላሽ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። «አየሽ፣ ዘንድሮ አስታወስኩ!» አለች፤ ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ምንም አልነገርኳትም።